አምስት ሳጥን ባሕር

ጡረታ ወጥቻለሁ። ኬክ ተቆርሶልኛል፣ ጋቢ ተደርቦልኛል፣ ሦስት ሰዎች ንግግር አድርገው ሁለቱ የሠራሁበትን ክፍል ስም ተሳስተዋል። ይሁን። አላልቅ ያለኝ የንብረት ክፍሉ ነገር ነው። ክሊራንስ የሚሉት ወረቀት አለ፤ እሱ ሳይሞላ የጡረታ ፋይሌ ከነቀምቴ ንቅንቅ አይልም። ወረቀቱ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ሚዛን፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ እያለ ይወርድና ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ «ትል፣ በጠርሙስ፣ አምስት ሳጥን» ይላል። ከጎኑ ሁለት ባዶ ቦታ አለ። አንዱ «አገልግሎት የሚሰጥ»፣ ሌላው «የሚወገድ»። አንዱ ላይ ምልክት አድርጌ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

ይኸው ሦስት ሳምንቴ፤ ያቺን ምልክት ማድረግ አቃተኝ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ገመቹ በየሁለት ቀኑ ይደውላል።

«አዴ ማርታ፣ ትሉን ምን እንበለው?»

«ትል አይደለም አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ ትል ያልሆነውን ምን እንበለው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም አለቅም ብያለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን እነዚያ ጠርሙሶች ምን እንደሆኑና ምን እንዳደረግኳቸው አንድ ጊዜ ከራሱ እስከ እግሩ ልናገር፤ ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ሰልችቶኛል።

ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ዙፕላንክተን ነው። ባሕር ውስጥ ውሃው ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ አሉ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አሉ። አብዛኞቹ የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው፤ ረጅም ጺም፣ አንድ ዓይን፣ ሹካ የመሰለ ጅራት አላቸው። ዓሣ የሚኖረው እነሱን በልቶ ነው። ዋኝተው መሸሽ ስለማይችሉ ውሃው ትንሽ ሲሞቅ ወይም ሲቆሽሽ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚጠፉት ወይም በሌላ የሚተኩት። ስለዚህ የድሮውን ባሕር ማወቅ የፈለገ ሰው የድሮዎቹን እነሱን ይፈልጋል። ይህን ለነቀምቴ ሰው ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እግዚአብሔር ይወቅ። «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ትል ምን ይሠራል?» ይሉኛል። በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈሬ ውስጥ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ «አዴ ራሞ» ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ አዴ እናት፣ ራሞ ደግሞ ትል ማለት ነው። ስሜን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሥራ የጀመርኩት አሰብ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ዕጣ ሳወጣ ለሌላው አምቦና ጅማ ሲደርሰው ለእኔ ባሕር ደረሰኝ። ዋናም አላውቅ፣ ሙቀትም አልችል። የዓሣ ጥናት ጣቢያው አንድ ጀልባ፣ አንድ ክፍል ላቦራቶሪና አንድ የምር የሚሠራ ሰው ነበረው። ሰውየው ጋሼ ቶለራ ይባላሉ፤ የጉቴ ሰው፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። ከነቀምቴ መምጣቴን ሲሰሙ «አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ፣ እንደምን አለሽ ልጄ፣ እንኳን ለሲኦል አበቃሽ» ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ሥራ ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

መረቡ ከሐር የተሠራ ረጅም ከረጢት ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ጅራቱ ላይ ጠርሙስ የታሰረበት። ከጀልባው ኋላ በቀስታ ይጎተታል። ምን ያህል እንደሚጎተት በሰዓት መለካት ነበረብን፤ የጋሼ ቶለራን ሰዓት ግን ጨው በላው። እሳቸው ምን ቸገራቸው፤ አንድ የኦሮምኛ መዝሙር ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘምሩና «አውጪው» ይላሉ። በሰው ሰዓት ለክቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አላዛነፉም። መረቡ ሲወጣ በውጭ በኩል ነው የሚታጠበው፤ በውስጥ ካጠብሽው እንስሳቱ ሐሩ ላይ ይደቅቃሉ። እኔ መጀመሪያ ቀን በውስጥ አጠብኩት። አልተቆጡም፤ መረቡን ከእጄ ወስደው እንደገና ባሕር ውስጥ ጣሉትና መዝሙሩን ከሀ ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም። አንደኛው ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከእንስሳቱ ጋር፣ በእርሳስ የተጻፈ ወፍራም ወረቀት ይገባል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የተነከረበት ፈሳሽ፣ የሠራው ሰው ስም። «እስክሪብቶ ይክዳል፣ እርሳስ አይክድም» ይላሉ። ሁለተኛው መድፋት ነው። ፈሳሽ ስትቀይሪ የድሮውን ዝም ብለሽ አትደፊም፤ በስስ ጨርቅ አሳልፈሽ፣ ነጭ ሳህን ላይ አድርገሽ፣ እንደገና ታይዋለሽ። «ደቃቁ ሁልጊዜ ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። የደፋሽው ውስጥ ያለውን ሳታዪ አትድፊ።» ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜም ይሰማኝ ነበር።

እንስሳቱ የሚነከሩት በፎርማሊን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፎርማሊኑ ቀረ። ናሙና ሰብስቦ ማቆያ ከሌለ በአሰብ ሙቀት ለምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይሸታል። አለቃችን «እስኪመጣ ሥራ ይቁም» አለና ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጋሼ ቶለራ ጀሪካን አንጠልጥለው ከወደቡ ጀርባ አረቄ የምታወጣ ሴት ቤት ሄዱ። ጠላ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ ሰው። የገዙትን አረቄ ላቦራቶሪያችን ውስጥ እንደገና እያፈሉ ያወጡታል፤ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት ይጭሩበታል፣ በሰማያዊ ነበልባል ካልነደደ ተመልሶ ይፈላል። ስንት ዓመት እንደዚያ ሠራን። በየወሩ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥልቀት። የወደብ ሠራተኞች «ጴንጤው በጀሪካን» የሚል ስም አወጡላቸው። አንድ ቀን ተናድጄ «ጋሼ፣ ስምዎ ጠፋ እኮ» አልኳቸው።

«ስም ይታጠባል» አሉኝ። «እንስሳው ከሸተተ ግን አይመለስም።»

መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ተዘጋ፣ እኛም በጭነት መኪና ወደ አገራችን ተጫንን። ሌላው ሰው ማቀዝቀዣውንና ቴፑን ሲጭን ጋሼ ቶለራ በአረቄ የነከርናቸውን አምስት ሳጥን ጠርሙስ ጫኑ። የእኔ ሻንጣ ቦታ የለውም ተብሎ ቀረ፤ ጠርሙሶቹ ፍራሽ ላይ ተኝተው መጡ። እስከ ወለጋ ድረስ አንድ ቃል ሳልተነፍስ አኩርፌ ነው የመጣሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ የማንም ሰው ዓይነት ነው። ጊምቢ ሦስት ዓመት ሰገራና ሽንት መረመርኩ። ሻምቡ የመጠጥ ውሃ መረመርኩ፤ ውሃው ተበክሏል ብዬ በጻፍኩ ቁጥር «አዴ፣ ቃሉን ለስለስ አድርጊው» የሚል አለቃ ነበረኝ። በመጨረሻ ነቀምቴ፣ ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆንኩ። ጋሼ ቶለራ ቀድመውኝ እዚያ ያስተምሩ ነበር፤ አምስቱን ሳጥንም ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለች መጋዘን አስቀምጠዋቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «ጠብቂያቸው» ብቻ ነው ያሉት።

አሁን የማፍርበት ጋ ደረስኩ።

አንድ ቀን ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረና መጋዘኑም ኮሪደሩም አረቄ አረቄ ሸተተ። እንደ ዕድል ሆኖ ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ነበር። እኔ ያኔ የሴቶች አገልግሎት ሰብሳቢ ነኝ፤ ወጣቶችን ስለ መጠጥ የምመክረው እኔ ነኝ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰውየው ፈገግ ብለው ጠሩኝ።

«እህት ማርታ፣ እዚያ መጋዘንሽ ውስጥ ምንድን ነው የምታስቀምጪው?»

«የባሕር እንስሳት።»

«እንስሳቱ ይጠጣሉ እንዴ?»

አጠገባችን የቆሙት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አንገቴ ድረስ ጋለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት መዘምራኑ መካከል ሹክሹክታ ነበር። ጋሼ ቶለራ በጉቴ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሳጥኖቹም የእሳቸው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ስማቸው ሊነሳ ነው ብዬ ፈራሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የእኔ የራሴ ስም ነበር፤ አሁን መዋሸት ምን ያደርግልኛል።

በዚያው ወር ለኮሌጁ ፎርማሊን መጣ፣ የታሸገ፣ ንጹሕ፣ መጽሐፍ የሚያዘው ዓይነት። አንድ ሳምንት ሙሉ በሩን ዘግቼ ሠራሁ። አረቄውን ከየጠርሙሱ ቀድቼ ጀሪካን ውስጥ አጠራቀምኩት፣ ጠርሙሱን በፎርማሊን ሞላሁት፣ አዲስ ክዳን፣ አዲስ የውጭ ጽሑፍ። በጨርቅ አላሳለፍኩም። ነጭ ሳህን አላወጣሁም። ሽታው ቶሎ ከፊቴ እንዲጠፋልኝ ነበር የምፈልገው። ስጨርስ መደርደሪያው እንደ ፋርማሲ አማረ፣ እኔም ኮራሁ።

ጋሼ ቶለራ ሊጠይቁኝ ሲመጡ አሳየኋቸው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በዓይናቸው ሄዱ።

«ሁሉንም?» አሉ።

«ሁሉንም፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ማንም ምንም አይልም።»

ከዚያ «የቀዳሽውስ?» አሉኝ።

«ጀሪካኑ ያውና። ዛሬ ልደፋው ነው።»

«ተይው። እኔ እደፋዋለሁ።»

ያንን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው የጉቴን ሚኒባስ ተሳፈሩ። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም ነበርና ረዳቱ «ኦቦ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እኔ አሳፋሪውን ነገር ከእጄ ወሰዱልኝ ብዬ እፎይ አልኩ። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

ዓመታት አለፉ፣ ጋሼ ቶለራም አረፉ። ቀብራቸው ላይ የንግግር ተራ ደርሶኝ ስለ መዝሙሩና ስለ ሰዓቱ ተናገርኩ፣ ሰው ሳቀ፣ አለቀሰ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ዶክተር ሲፈን መጣች። የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ውጭ ተምራ፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚሉትን ይዛ ተመልሳ ነው። እኔ በማይክሮስኮፕ ጺምና ጅራት ቆጥሬ የምለየውን እንስሳ እሷ ዲኤንኤውን አውጥታ፣ አንዷን ቁራጭ በማሽን ደጋግማ አባዝታ፣ ልክ እንደ መታወቂያ ቁጥር አንብባ ትለየዋለች። ጺሙ ቢሰበር፣ ግማሽ አካሉ ብቻ ቢገኝ፣ ገና እጭ ቢሆን ግድ የላትም። ቀናሁባት። ስንት ዓመት ዓይኔን አፍጥጬ ያልለየኋቸው እጮች አሉ።

ሲፈን ከቀይ ባሕር ማዶ የሚሠሩ ባልደረቦች አሏት፤ የዛሬውን ባሕር ናሙና እነሱ ይልኩላታል። የጎደላት የድሮው ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ የትኛው እንስሳ መቼ እንደጠፋና ማን እንደተካው ለማሳየት በየወሩ የተሰበሰበ የድሮ ናሙና ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ፣ ከባሕር ይህን ያህል ርቆ፣ አለ ሲሏት ማመን አቅቷት እየሮጠች መጣች። የመጀመሪያዋ ትልቅ ጥናት ነው፤ ሥራዋ ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

አንዱን ጠርሙስ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ፊቷ ወደቀ።

«ፎርማሊን ነው» አለች። «ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያቆራኘዋል፣ ይቆራርጠዋል፤ ይህን ያህል ዓመት ከቆየ ደግሞ ተስፋ የለውም። ከመጀመሪያውም በፎርማሊን ነበሩ?»

«አዎ» አልኳት። «ከመጀመሪያውም።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አረቄ የሚለውን ቃል ላለመጥራት ስንት ዓመት ስለለመድኩ ነው መሰለኝ። ሲፈን ግን እልኸኛ ናት፤ እንደምንም ልሞክር ብላ አራት ወር ለፋች። ፎርማሊኑን ታጥባለች፣ ታሞቃለች፣ ታባዛለች፣ መጨረሻ ላይ መብራቱ ሥር ስናየው ባዶ። ዲኤንኤው ካለ ብሩህ መስመር ሆኖ መታየት ባለበት ቦታ ጥቁር ብቻ። «እጄ ነው መሰለኝ ችግሩ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ቱቦ አቀብላለሁ። እውነቱን ግን አልነገርኳትም። ሰው በገዛ ምላሱ እንዲህ ሲታሰር አይቼ አላውቅም።

በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ስገባ በወረንጦ እርጥብ ወረቀት ይዛ ቆማለች። ከጠርሙሱ ውስጥ ያወጣችው የጋሼ ቶለራ ጽሑፍ ነው። እርሳሱ ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

«አዴ ማርታ፣ እዚህ ላይ ‹በአረቄ፣ ሦስቴ የፈላ› ይላል።»

«ይላል።»

«ሁሉም ውስጥ እንደዚያ ነው የሚለው። አሥራ ሁለት ከፈትኩ።»

ፈሳሹን ስቀይር የውጩን ጽሑፍ አዲስ አድርጌ የውስጡን ረስቼው ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽማግሌውን፣ ሹክሹክታውን፣ በሩን ዘግቼ የሠራሁበትን ሳምንት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አራት ወር» አለች። «አራት ወር ሙሉ እጄን ነው የጠረጠርኩት፣ አዴ ማርታ። አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ተመልሳ መጣችና ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ፣ «አረቄውንስ የት አደረሱት?» አለች።

«ምን ይሠራልሻል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ስንት ዓመት የተነከሩበት ነው። ዲኤንኤያቸው ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። የት ነው ያለው?»

«ጋሼ ቶለራ ደፍተውታል።»

«ሲደፉት አይተዋል?»

አላየሁም። በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍረን ጉቴ ወረድን።

የጋሼ ቶለራ ባለቤት አዴ ጋዲሴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ሰው ይለያል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ እየተንተባተብኩ ስለ ጀሪካኑ ጠየቅኋቸው። ሲፈንን አዩ፣ እኔን አዩ።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?»

ጓዳ አስገቡን። አልጋው ሥር፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሲፈን ጎትታ አወጣችው። ቢጫው ጀሪካን ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በሻማ ሰም ተደፍኗል። አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረች የመድኃኒት ብልቃጥ አለች፣ ብልቃጧ ውስጥ ወረቀት።

«እደፋዋለሁ ብለውኝ ነበር» አልኩ።

«ሳላየው አልደፋም አለ። በጨርቅ አሳልፎ ሊያየው ነበር፤ ያን ሰሞን ዓይኑ ሞራ ጣለበት፣ ዛሬ ነገ እያለ ቀረ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ሰው ግን መቼ ዝም ይላል። ሽማግሌው ቤቱ አረቄ በጀሪካን አስገባ ተባለ። መጥተው ጠየቁት፣ ባሕር ነው አላቸው። ሳቁበት። ወይ ድፋው ወይ ከሽማግሌነት ውረድ ሲሉት ወረደ።»

«ወረዱ?»

«ወረደ። እስኪሞት ድረስ ኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው።»

ቀብራቸው ላይ እኔ ስለ መዝሙር ስቀልድ ያ ሁሉ ሰው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው። አልጋው ላይ ከአዴ ጋዲሴ ጎን ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔም ብዬው ነበር። ‹ማርታ ስሜን ላድን ብላ ነው የሠራችው፤ ይህን ብትሰማ ሌላ ጊዜ እጇ ይፈራል› አለኝ።»

አለቀስኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከለቅሶው ንዴቱ ይበልጥ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? መረቡን በውስጥ ያጠብኩ ዕለት አልተቆጡም፣ ባሕራቸውን ያበላሸሁ ዕለት አልተቆጡም። ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ጀሪካኑን በጊዜው አየው ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ፊትም ቆሜ የእኔ ነው እል ነበር። የደግ ሰው ዝምታ እንዴት እንደሚያቃጥል ያየ ያውቀዋል።

ሲፈን ብልቃጧን ከፍታ ወረቀቱን በወረንጦ አወጣችና ጮክ ብላ አነበበች። «የአሰብ ባሕር። ከአምስቱ ሳጥን ማርታ የቀዳችው። ገና አልታየም። አይደፋ።»

ስንመለስ ጀሪካኑን እኔ ነኝ በጭኔ የያዝኩት። የሚኒባሱ ረዳት አሸተተና አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። «አረቄ ነው፣ ምን ትሆን?» አልኩት። አፉን ዘጋ።

ሲፈን ፈሳሹን በደቃቅ ወንፊት ላይ እያሳለፈች ሦስት ሳምንት ሠራች። ወንፊቱን ያጠብኩት፣ ጽሑፉን በእርሳስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ መብራቱ ሥር ስናይ መስመር አለ። ደብዘዝ ያለ ነው፣ ቁርጥራጩም አጭር ነው፣ ግን አለ። ሲፈን ፎቶ አነሳችው። እኔ ዘወር ብዬ ቱቦ የማጥብ መሰልኩ።

ዲኤንኤው እንዲነበብ ወደ ውጭ ተልኮ ዝርዝሩ ሲመጣ አብረን አየነው። እኔ በዓይኔ የማውቃቸው አሉ፤ ስማቸውን ሳይ የድሮ ጎረቤት ያገኘሁ መሰለኝ። ያልለየኋቸው እጮችም በስማቸው ተቀምጠዋል። ዛሬ በሚላክላት ናሙና ውስጥ ጭራሽ የሌሉም አሉ። አንደኛዋን ሲፈን በጣቷ እያሳየች «ይቺ መቼ ነው የጠፋችው? በየትኛው ወር፣ በየትኛው ጥልቀት ነበረች?» አለችኝ።

«አይታወቅም» አልኳት። «ቀላቅያቸዋለሁ።»

ይኸው ነው። ነበሩ ማለት ይቻላል። ከመቼ እስከ መቼ ነበሩ የሚለውን፣ በየወሩ በመዝሙር እየተለካ የተሰበሰበውን፣ እኔ አንድ ጀሪካን ውስጥ ጨምሬ አምታትቼዋለሁ። ሲፈን ጥናቷን አሳጥራ፣ ልታሳይ ካሰበችው ግማሹን ትታ ጻፈችው። ናሙናውን ያቆየው ማን ይባል ስትለኝ «ቶለራ በይ» አልኳት። «ወረቀቱ ላይ የእርስዎም ስም አለ» አለች። ከመቃብርም ሆነው አላረፉልኝም።

ዛሬ ጠዋት ንብረት ክፍል ሄድኩ። ገመቹ ወረቀቱን አውጥቶ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ጣቱን አሳረፈና እስክሪብቶ አቀበለኝ። እስክሪብቶውን መለስኩለትና ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ። «ትል» የሚለውን ሰርዤ «የቀይ ባሕር ዙፕላንክተን» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱንም ባዶ ቦታ ተውኳቸውና ከጎናቸው እንዲህ ጻፍኩ፦ «በእኔ በማርታ እጅ የተበላሸ። አይደፋ።» ፈረምኩ።

ገመቹ አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አነበበው።

«አዴ፣ እንዲህ ተብሎ አይሞላም። ራስዎን ነው የሚያስጠይቁት።»

«ልጠየቅ።»

«ቢያንስ በእስክሪብቶ ይሁን። በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል እኮ።»

«አይጠፋም» አልኩት። «ጋሼ ቶለራ የጻፉት እስካሁን ይነበባል።»